የትኛው 1930ዎቹ? ስላልተመረቀው ክፍል

(በአንድ የቀድሞ ተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር። ለንባብ እንዲመች ጥቂት ተስተካክሏል።)

እንደምን አመሻችሁ።

ጋባዦቼ የደወሉልኝ ከሁለት ወር በፊት ነው። «ጋሼ፣ በ1930ዎቹ ሁለተኛ ደረጃ ስለጨረሱ ተማሪዎች ትዝታ ትንሽ ያጫውቱን» አሉኝ። እኔም «በማን አቆጣጠር?» አልኳቸው። ዝም አሉ። ቀልድ መስሏቸው ነበር። ቀልድ አልነበረም።

እኛና ፈረንጆቹ በሰባት ስምንት ዓመት እንለያያለን። ሌላ ጊዜ ይህ ልዩነት የቪዛ ፎርም ስንሞላ ካልሆነ በቀር አያስቸግረንም። እዚህ ላይ ግን ልዩነቱ የወደቀው ጦርነቱ ላይ ነው። የፈረንጆቹ 1930ዎቹ በእኛ 1922 ይጀምራል። ተፈሪ መኮንን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ዘውድ የጫኑበት ጥቅምት 1923 መጀመሪያው አካባቢ ነው። ማለቂያው ደግሞ ጣሊያን አዲስ አበባ ላይ ተደላድሎ በተቀመጠበት ጊዜ ነው። የእኛ 1930ዎቹ ጣሊያን አገር ውስጥ እያለ ይጀምራል። ጣሊያን ይወጣል፤ ትምህርት ቤቶች እንደገና ይከፈታሉ፤ በዚያው ያልቃል።

ስለዚህ ሁለት 1930ዎቹ አሉን። በመጀመሪያው ሊመረቅ የነበረ ልጅ በሁለተኛው ከታናሽ ወንድሙ እኩዮች ጋር አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጦ ታገኙታላችሁ። አባቴ እንደዚያ ከተቀመጡት አንዱ ናቸው። ዛሬ የማወራላችሁ አብዛኛው ነገር ከእሳቸው የሰማሁት ነው።

በመጀመሪያ ግን «መመረቅ» የሚለውን ቃል እናስተካክል። ዛሬ 12ኛ ክፍል ስንል አገር አቀፍ ፈተና፣ ውጤት፣ ጋውን፣ ፎቶ፣ ድግስ ይታየናል። በዚያን ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር የለም። ዘመናዊ ትምህርት ቤት ራሱ ገና ልጅ ነው። የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም. ገደማ ከግብፅ በመጡ የቅብጥ መምህራን ተጀመረ። ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት በሚያዝያ 19 ቀን 1917 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ያሠሩት አልጋ ወራሹ ራሳቸው በገዛ ገንዘባቸው ነው። እቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤት ደግሞ በ1923 እና በ1924 መካከል ነው የተከፈተው። ከእነዚህ ቤቶች አንዱ ውስጥ ገብቶ በደንብ የተማረ ልጅ የሚጠብቀው ሰርተፍኬት አልነበረም። የሚጠብቀው «ወደ ውጭ ትሄዳለህ» የሚል መልእክት ነበር። ግብፅ፣ ፈረንሳይ፣ እንግሊዝ፣ አሜሪካ። መመረቅ ማለት ጅቡቲ ድረስ ባቡር መሳፈር ማለት ነው። ያልተሳፈረ፣ ወይ በአንዱ መሥሪያ ቤት በአስተርጓሚነት ይቀጠራል፣ ወይ ተራውን ይጠብቃል።

አባቴ ተራ ጠባቂ ነበሩ።

ከመንዝ የመጡት በዘጠኝ ዓመታቸው፣ ከአጎታቸው ጋር፣ በበቅሎ ነው። ዳዊት ደግመዋል። ቁም ጽሕፈት ያውቃሉ። አጎታቸው ደጅ የሚጠኑባቸው ጌታ አማላጅ ሆኑና ተፈሪ መኮንን ገቡ። «መጀመሪያ የገረመዎት ምንድን ነው? ፈረንሳይኛው?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። «ወንበሩ» አሉኝ። የቄስ ትምህርት ቤት መሬት ላይ ነው የሚቀመጡት፤ ጠጋ ጠጋ ብለው፣ አንዱ በሌላው ጉልበት ላይ ተደግፎ። እዚህ ግን ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱ ቦታ አለው። ቦታውን ለቅቆ መነሣት ያስቀጣል።

ሁለተኛው የገረማቸው ዝምታው ነው። ይህንን ሲነግሩኝ ትልቅ ሰው ሆኜ ነበር፤ ግን እስከዛሬ አልወጣልኝም። የቄስ ትምህርት ቤት ውስጥ ሁሉም በየራሱ ጮክ ብሎ ያነባል። አንዱ ፊደል ይቆጥራል፣ አንዱ ወንጌል፣ አንዱ ዳዊት። መሪጌታው ከዚያ ሁሉ ጫጫታ መሀል የሳተውን ልጅ ለይተው ያውቁታል። ተፈሪ መኮንን ሲገቡ መምህሩ «መጽሐፉን ክፈቱና በልባችሁ አንብቡ» አሉ። አባቴ ድምፅ ሳያወጡ ማንበብ እንዴት እንደሚቻል አያውቁም ነበር። ዓይናቸውን ፊደሉ ላይ አድርገው ዝም ብለው ተቀመጡ። «ያነበብኩ አልመሰለኝም» ይሉ ነበር። ለወራት ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ መምህሩን አስቆጥተዋል።

ጠዋት ጠዋት ስም ይጠራል። መልሱ «ፕረዛን!» ነው። አለሁ ማለት ነው በፈረንሳይኛ። ቀጥሎ ዲክቴ። መምህሩ ያነባል፣ እነሱ ይጽፋሉ፣ ከዚያ ስሕተቱ በቀይ ቀለም ይቆጠራል። ከአምስት ስሕተት በላይ ያመጣ እጁን ይዘረጋል። የፈረንሳይኛ አጻጻፍ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ግማሹ ፊደል አይነበብም። በግእዝ ፊደል ላደገ ልጅ፣ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ድምፅ ላለው ልጅ፣ የማይነበብ ፊደል ለምን እንደሚጻፍ ማስረዳት ቀላል አይደለም። «ለጌጥ ነው» ብሎ የነገራቸው አንድ ትልቅ ተማሪ ነበር። በዚህ ተስማምተው አለፉት።

አንድ ግጥም በቃላቸው ያወጡ ነበር። ሰማንያ ዓመት አልፏቸው፣ የትናንት ምሳቸውን ረስተው፣ ያቺን ግጥም ግን አንድ ቃል ሳይስቱ ይወጧት ነበር። ስለ ቁራና ቀበሮ ናት። ቁራው በአፉ አይብ ይዞ ዛፍ ላይ ወጣ፤ ቀበሮዋ «ድምፅህ እንዴት ያምራል!» ብላ አታለለችው፤ ሊዘፍን አፉን ሲከፍት አይቡ ወደቀ። ክፍሉ ውስጥ ክርክር ተነሣ። አይብ እኮ ፍርፍር የሚል ነገር ነው! ቁራ አይብ በአፉ ይዞ እንዴት ዛፍ ላይ ይወጣል? ግማሹ መንገድ ላይ አይራገፍም ወይ? ወድቆስ ምኑ ይበላል? መምህሩ የሚያወሩት አልገባቸውም። ሲገባቸው በማግሥቱ ከአንድ የግሪክ ሱቅ ደረቅ የፈረንጅ አይብ ገዝተው መጡ። ከጠረጴዛው ጋር ጠቅ ጠቅ አድርገው አሳዩአቸው። ልጆቹ ቀመሱት። ዕለቱ ረቡዕ ነበር፤ የጾም ቀን። አባቴ መቅመሳቸውን ለንስሐ አባታቸው የተናዘዙት ከሃያ ዓመት በኋላ ነው።

ይህን ሁሉ የምነግራችሁ ለሳቅ ብቻ አይደለም። እነዚህ ልጆች የሚጠብቃቸውን ታውቃላችሁ፤ እነሱ ግን አያውቁም። በ1926 እና በ1927 ዓ.ም. ትልቁ ጭንቀታቸው የማይነበበው ፊደል ነው።

በ1927 አንድ ወሬ መጣ። ሆለታ ገነት፣ ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ፣ የምኒልክ የድሮ ቤተ መንግሥት ባለበት፣ የጦር ትምህርት ቤት ሊከፈት ነው። የሚያስተምሩት ስዊድኖች ናቸው። አለቃቸው ሻምበል ቪኪንግ ታም ይባላል። ስዊድኖች የመጡበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ አፍሪካ ውስጥ ቅኝ ግዛት የላቸውም፣ ከጣሊያን ጋር የሚያወራርዱት ሒሳብም የለም። ልጆቹ የሚመረጡት ግን ከየትምህርት ቤቱ ነው፤ ትምህርቱ የሚሰጠው በፈረንሳይኛ ስለሆነ ፈረንሳይኛ ማወቅ አለባቸው። እንግዲህ ዲክቴው ለዚህ ዋለ።

ከመቶ በላይ ወጣቶች ተመርጠው ሄዱ። ከአባቴ ክፍል የሄዱት ረጃጅሞቹ ናቸው። አባቴ አጭር ነበሩ፤ ዕድሜም አልሞላላቸውም። ቀሩ። ከእሳቸው ጎን፣ በመስኮቱ በኩል ይቀመጥ የነበረው ጓደኛቸው ግን ሄደ። ከሄደ በኋላ አንድ ጊዜ ለእረፍት መጥቶ፣ የደንብ ልብሱን ለብሶ፣ ፒያሳ ካለ አርመናዊ ፎቶ አንሺ ዘንድ ተነሥቶ አንድ ፎቶ ሰጣቸው። ስለ ፎቶው መጨረሻ ላይ እመለሳለሁ።

የጣሊያን ጦር መረብን የተሻገረው መስከረም 22 ቀን 1928 ነው። የሆለታ ልጆች ትምህርታቸውን ገና አልጨረሱም። ከወራት በኋላ ሰሜኑ ጦር ሲፈታ፣ ጣሊያኖቹ ከደሴ በመኪና ወደ አዲስ አበባ ሲጎርፉ፣ እነዚህ ልጆች ጣርማበር ላይ መንገዱን እንዲዘጉ ተላኩ። ዕድሜያቸውን አስቡት። ዛሬ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ውጤት የሚጠብቁ ልጆች ዕድሜ ላይ ያሉ ናቸው። ስንቅ የለም፣ ከባድ መሣሪያ የለም። ከላይ አውሮፕላን አለ። ብዙ ሊያቆዩት አልቻሉም።

ሚያዝያ 24 ንጉሠ ነገሥቱ በባቡር ከአዲስ አበባ ወጡ። ከተማው ተዘረፈ፣ ተቃጠለ። ሚያዝያ 27 ጣሊያን ገባ። አባቴ እነዚያን ሦስት ቀናት በአክስታቸው ጓዳ ውስጥ ከጎተራ ጀርባ ነበሩ። «ስም ሳይጠራ የዋለው የመጀመሪያ ሰኞ» ይሉት ነበር። በእሳቸው ትዝታ ውስጥ አገር የጠፋችው በዚያ ነው፤ ደወሉ ባለመደወሉ።

ከሆለታ ልጆች የተረፉት ወደ ምዕራብ፣ ወደ ነቀምቴ ሄዱ። እዚያ ከውጭ ተምረው የተመለሱ ወጣቶችም ነበሩ። አብረው ጥቁር አንበሳ የተባለውን ማኅበር አቋቋሙ። መሪያቸው ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ናቸው፤ እንግሊዝ አገር የተማሩ የእንስሳት ሐኪም። ማኅበሩ ደንብ ነበረው። አሥር አንቀጽ ነው። የፖለቲካው አመራር ከወታደራዊው በላይ ይሁን ይላል። ገበሬው እንዳይበደል ይላል። ምርኮኛ በሰብአዊነት ይያዝ ይላል። እኔ ታሪክ ሳስተምር ኖሬያለሁ፤ ይህን ደንብ ባየሁ ቁጥር የማስበው አንድ ነገር ነው። ጠላት ዋና ከተማህን ይዟል፣ ንጉሥህ ሄዷል፣ አንተ ጫካ ውስጥ ሆነህ አንቀጽ ትቆጥራለህ። ይህ የተማሪ ጠባይ ነው። አንዳንዶች ይህን ሲሰሙ «የልጅ ሥራ» ይላሉ። እኔ አልስማማም። ከዚያ በኋላ ስንቱ ታጣቂ በእጁ ጠመንጃ እንጂ ደንብ ሳይኖረው አየን።

ሰኔ 19 ቀን 1928 ሌሊት፣ ነቀምቴ አጠገብ ቦናያ ላይ ያረፉ ሦስት የጣሊያን አውሮፕላኖችን አቃጠሉ። ከሞቱት ጣሊያኖች ውስጥ የአየር ኃይሉ ጄኔራል ማሊዮኮ አሉበት። ወሬው አዲስ አበባ ሲደርስ አባቴ እንዴት እንደሰሙት ሲናገሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር፤ ከሃምሳ ዓመት በኋላም፣ በገዛ ሳሎናቸው። «የእኛ ክፍል ልጆች» ነው ያሉት። «የሆለታ ወታደሮች» አላሉም። «የእኛ ክፍል ልጆች አቃጠሉት።»

ኋላ ልዑል ራስ እምሩ መሪ ሆኑላቸው። በታኅሣሥ 1929 ጎጀብ ወንዝ አካባቢ ተከበቡና እጃቸውን ሰጡ። ራስ እምሩ ተይዘው ጣሊያን አገር ተወሰዱ። ወጣቶቹ ብዙዎቹ አዲስ አበባ መጥተው ተቀመጡ። ምሕረት የተደረገላቸው መስሏቸው ነበር።

ሁለት ወር ቆየ። የካቲት 12 መጣ።

ስለ የካቲት 12 ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ አልደግመውም። ለዛሬው ርእሳችን የሚያስፈልገው አንድ ነገር ነው። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከወረወሩ በኋላ፣ ከጅምላ ጭፍጨፋው ሌላ፣ የተማረ ሰው ተለይቶ ይለቀም ጀመር። የሐኪም ወርቅነህን ልጆች አስቡ። ሐኪም ወርቅነህ የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት የመጀመሪያው የበላይ ኃላፊ ነበሩ። በልጅነታቸው ከመቅደላ በእንግሊዝ መኮንኖች ተወስደው ሕንድ ያደጉ፣ ሐኪም ሆነው አገራቸውን ፍለጋ የተመለሱ ሰው ናቸው። ቢንያምና ዮሴፍ የሚባሉ ልጆቻቸው እንግሊዝ አገር ምሕንድስና ተምረው መጡ፤ ከጥቁር አንበሳ ጋር ነበሩ። ሁለቱም በዚያ ሰሞን ተገደሉ። አባታቸው ለንደን ውስጥ የኢትዮጵያ ሚኒስትር ነበሩ።

አባቴ በዚያ ሳምንት ያደረጉት ነገር ቢኖር ደብተሮቻቸውን መቅበር ነው። ፈረንሳይኛ የተጻፈበት ወረቀት ቤት ውስጥ መገኘቱ ብቻውን አደገኛ ሆኖ ነበር። አክስታቸው በጆንያ ጠቅልለው ጓሮ፣ ከጌሾው ሥር ቀበሩላቸው። ዲክቴው፣ ቀይ ቀለሙ፣ የቁራው ግጥም፣ ሁሉም። ከአራት ዓመት በኋላ ሲቆፍሩት ምስጥ በልቶታል። የአንድ ደብተር ጀርባ ብቻ ተረፈ።

ትምህርት ቤቱስ? ጣሊያኖች ተፈሪ መኮንንን ለሁለት ከፈሉት። አንደኛውን በንጉሣቸው በቪቶሪዮ ኢማኑኤሌ ስም ሰየሙት፣ ሌላውን በሙሶሊኒ። ሁለቱም ለነጭ ልጆች ብቻ። እቴጌ መነንን የጦር ሆስፒታል አደረጉት። አባቴ በዚያ አጥር በኩል ሲያልፉ የሌላ አገር ልጆች በእሳቸው ደወል ሲገቡ ያዩ ነበር። እሳቸው ያኔ የአንድ ጣሊያን ፎርኖ ቤት ዱቄት ተሸካሚ ናቸው። አንድም ቃል ፈረንሳይኛ እንደማያውቁ ሆነው አራት ዓመት ዱቄት ተሸከሙ። በምትኩ ጣሊያንኛ ለመዱ። ፌርማታ፣ ፎርኖ፣ ካቻቢቴ፤ ያ ትውልድ በፈረንሳይኛ ጀምሮ በጣሊያንኛ ነው አፉን የፈታው።

እንግዲህ ወደ ሁለተኛው 1930ዎቹ መጣን። የእኛው።

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ተመለሱ። ብዙም ሳይቆይ ትምህርት ቤቶቹ ተከፈቱ። አባቴ ጫማቸውን ጠርገው ሄዱ። ሃያ ዓመት አልፏቸዋል። ጢም አላቸው። ክፍል ውስጥ ገብተው ተቀመጡ፤ ጎናቸው ያለው ልጅ አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው። መምህሩ ስም ጠራ። አባቴ ቀጥ ብለው ተነሡና «ፕረዛን!» አሉ።

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ።

አገሩ በእንግሊዝኛ ሆኗል። ነጻ ያወጣን ጦር እንግሊዝኛ ተናጋሪ ነው፣ መምህራኑ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ናቸው፣ መጻሕፍቱ እንግሊዝኛ ናቸው። ያ ሁሉ ዲክቴ፣ ያ ሁሉ የማይነበብ ፊደል፣ እንደገና ከሀ ሁ። ስለ ጣሊያን ወረራ ስንናገር የሞተውንና የተቃጠለውን እንቆጥራለን፤ ትክክል ነው። ይቺን ግን ብዙ ሰው አያነሣትም። አንድ ሙሉ የትምህርት ቋንቋ ከእነ ተማሪዎቹ ዋጋ አጣ።

በ1935 ዓ.ም. ኮተቤ ላይ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተከፈተ። አዳሪ ትምህርት ቤት ነው። ከከተማ ወጣ ያለ ስለነበር ልጆቹ ሌላ ዓለም ውስጥ ነው የሚኖሩት። እንግሊዛውያን መምህራን፣ ስፖርት፣ የክርክር ክበብ፣ መጨረሻ ላይ ከለንደን የሚመጣ የማትሪክ ፈተና። ማትሪክ የሚለው ቃል ቤታችን የገባው በዚህ በር ነው። «ተመረቀ» የምንለው ነገርም፣ ከነ ወረቀቱ፣ እዚህ ነው የሚጀምረው ብዬ አምናለሁ። ትንሽ ቆይቶ ጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ተከተለ። ተፈሪ መኮንንን የካናዳ ኢየሱሳውያን (የካቶሊክ መነኮሳት) ያዙት፤ ከእነሱ አንዱ፣ አባ ሉሲየን ማት፣ በ1943 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅን የከፈቱት ናቸው።

ሴቶቹን የረሳሁ እንዳይመስላችሁ። እቴጌ መነንም ከሆስፒታልነት ወጥቶ ትምህርት ቤት ሆነ። በኋላ የመሩት ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ናቸው። ስዊዘርላንድ ተምረው የመጡ፣ ከጥቁር አንበሳ ጋር የተሰለፉ፣ ጣሊያን ወደ አገሩ ወስዶ እስር ቤት ያስገባቸው ሴት። ለተማሪዎቻቸው ቲያትር ይጽፉላቸው ነበር። በፈረንጆቹ 1957 ለፓርላማ የተመረጡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። በእኔ ግምት፣ ሁለቱን 1930ዎቹ በአንድ ሰው ውስጥ ማየት የሚፈልግ እሳቸውን ይመልከት።

የአባቴ ታናሽ ወንድም ኮተቤ ገባ። ጨረሰ። ወረቀቱን አገኘ። በመስተዋት አስገብቶ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ሰቀለው። በልጅነቴ እዚያ ቤት በሄድን ቁጥር አባቴ ገና ሳይቀመጡ ወደዚያ ፍሬም ይሄዱና በጣታቸው ቀና ያደርጉታል። ሁልጊዜ ትንሽ ያዘነበለ ይመስላቸው ነበር። አጎቴ አንድ ቀን «ጋሼ፣ ቀጥ ብሎ ነው ያለው» ብሏቸው ነበር። አባቴ አልመለሱለትም። በሚቀጥለው ጊዜም ቀና አደረጉት።

አባቴ ራሳቸው ዓመት ከመንፈቅ ተማሩና ተጠሩ። መንግሥት ሰው የለውም። የተማረው አልቋል። ማንበብና መጻፍ የሚችል፣ ሁለት ቋንቋ የሚሞካክር ሰው እንደ ወርቅ ይፈለጋል። «ለጊዜው» ብለው አንድ መሥሪያ ቤት አስገቧቸው። ጊዜው ሠላሳ አምስት ዓመት ሆነ። እንዲህ ያሉ ብዙ ናቸው። ያን ጊዜ ቢሮ ገብታችሁ ከጠረጴዛ ጀርባ ያለውን ሰው «የት ተመረቁ?» ብትሉት ብዙ ጊዜ መልሱ ጸጥታ ነበር።

እስቲ ከቤቴ ልውጣና አንድ ሌላ ቤት ላሳያችሁ። የነዋይን ልጆች። መንግሥቱ ነዋይ ታላቁ ነው፤ ሆለታ፣ ስዊድኖቹ ዘንድ ነበር። ጦርነቱ ትምህርቱን ቆረጠው፣ ሱዳን ተሰደደ፣ ወታደር ሆኖ ተመለሰ። ገርማሜ ታናሹ ነው፤ ኮተቤ ተማረ፣ ከዚያ አሜሪካ። አንዱ ከፈረንጆቹ 1930ዎቹ፣ አንዱ ከእኛ። በታኅሣሥ 1953 ሁለቱ ወንድማማቾች መፈንቅለ መንግሥቱን መሩ። ጠቅላይ ሚኒስትር ይሆኑልናል ያሏቸው ራስ እምሩ ነበሩ፤ ያኔ የጥቁር አንበሳ ወጣቶች መሪ የሆኑት። ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ታግተው ከተገደሉት ባለሥልጣናት አንዱ ደግሞ ጄኔራል ሙሉጌታ ቡሊ ናቸው። ሙሉጌታም የሆለታ ልጅ ናቸው። ከመንግሥቱ በፊት ክብር ዘበኛን ያዘዙትም እሳቸው ነበሩ።

ይህን አስተያየት ሳልሰጥበት አልፈዋለሁ። አባቴም ስለዚያ ታኅሣሥ አንድ ቀን ብቻ ነው የተናገሩት። «አንድ ጣሪያ ሥር ፈረንሳይኛ የተማሩ ልጆች ናቸው» አሉና ሌላ ወሬ ጀመሩ።

ጡረታ ሊወጡ ሲሉ ፎርም ሰጧቸው። እኔ ነኝ አጠገባቸው የነበርኩት። ስም፣ የትውልድ ዘመን፣ የጋብቻ ሁኔታ። ከዚያ «የትምህርት ደረጃ» የሚል ክፍት ቦታ አለ። ብዕራቸውን ይዘው ቆዩ። ከዚያ በዚያ የቁም ጽሕፈታቸው፣ ፊደሉን አንድ በአንድ እያሳመሩ፣ «በጦርነት ምክንያት» ብለው ጻፉ። የጡረታ ጉዳይ የሚይዘው ልጅ «አባባ፣ ይሄ እኮ ስንተኛ ክፍል ለማለት ነው» አላቸው። «ገብቶኛል» አሉት። አልቀየሩትም። ልጁም፣ እግዜር ይስጠው፣ ማኅተሙን መታበት።

አሁን ፎቶው። አባቴ ሲያርፉ ከዳዊታቸው ውስጥ ነው ያገኘሁት። ወጣቱ ቆሟል፣ ቆቡን በብብቱ ይዟል፣ ሊስቅ ብሎ የተከለከለ ይመስላል። ጀርባው ላይ በፈረንሳይኛ ሁለት መስመር ተጽፏል፤ ስሙም አለ። ግን ቀለሙ ፈስሷል። መነሻው «ተ» ይመስላል፣ «ገ»ም ሊሆን ይችላል። አባቴ ስሙን ጠርተውልኝ አያውቁም፤ ሁልጊዜ «በመስኮቱ በኩል የነበረው» ነው የሚሉት። ወደ ነቀምቴ ከሄዱት ጋር መሄዱን ሰምተዋል። ከዚያ ወዲያ አልሰሙም።

ፎቶውን ይዤው መጥቻለሁ። በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬዋለሁ፤ አጉሊ መነጽርም አለ። ስትወጡ እዩት። ከእናንተ መካከል አያቱን፣ የአያቱን ወንድም፣ በመልክ የሚያውቅ ካለ እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ድረስ እዚሁ ነኝ።